ትራንስፎርመርስ ይወቀሱ፤ ግን በራሳቸው ጥፋት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔም ደጋግሞ ደረሰኝ። አንዱ «ይኸው ስላንተ ተጽፏል» ብሎ ላከው። ሌላው የሳቅ ምልክት ብቻ አስከተለበት። ጽሑፉ ስለ ትራንስፎርመርስ ነው። መኪና ሆነው ቆይተው ተጣጥፈው ተዘርግተው ሮቦት ስለሚሆኑት መጫወቻዎች፣ በተለይ ደግሞ ስለሚሰበስቧቸው አዋቂዎች። እዚህ ጅማ ይህ አመል ያለብን ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ጽሑፉ ሲሰራጭ ታዲያ ዓይኑ ሁሉ እኛው ላይ አረፈ።

ጸሐፊው ጥሩ አድርገው ጽፈዋል። ስድብ የለበትም። ሐሳባቸው ግልጽ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ስቄአለሁ። መልስ ልጻፍ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ ስድብ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

ያሉትን ባጭሩ ላስቀምጥ። እነዚህ ሮቦቶች የሆሊውድ ፊልም ዕቃ ለመሸጥ የፈጠራቸው ናቸው ይላሉ። ገበያ የወጡት እኛ በ77 ድርቅ ስናልቅ ነው፤ ዛሬ እነሱን መሰብሰብ ያሳፍራል ይላሉ። ነገሩ የልጅ ነው፣ አዋቂ ሲይዘው አላደገም ማለት ነው፤ ባህላችንም አይደለም ይላሉ። በዛሬ ዶላር ገንዘብ መበተን ነው። ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ካርቶን ውስጥ እንደታሸገ ደርድረው ልጅ እንዳይነካው ይከለክላሉ። ጦርነትም ያስተምራል። መዝጊያቸው ምክር ነው፤ «ሽጡና ቁምነገር ግዙበት»።

እኔ ይህ ነገር እንከን የለውም ልል አልተነሳሁም። ከማንም በላይ ያበሳጨው እኔን ነው። ችግሩ ጸሐፊው ጥፋቱን የፈለጉት በሌለበት ነው። ያለበትን ግን አላዩትም።

ከፊልሙ ልጀምር። እዚህ ላይ ያለን የሐሳብ ልዩነት አይደለም፣ የዓመት ነው። (ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው የሚያነሱት ትልቁ ፊልም የወጣው በ2007 ነው። መጫወቻዎቹ ያኔ 23 ዓመት ሞልቷቸዋል። ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትራንስፎርመርስ ብሎ ገበያ ያወጣቸው በ1984 ነው። እሱም ቢሆን አልፈጠራቸውም። ጃፓን ውስጥ ታካራ የሚባል መጫወቻ አምራች ነበር። ከ1980 ጀምሮ ዳያክሎን የሚባል ተከታታይ ያወጣ ነበር፤ ከሱ ጎን ደግሞ ማይክሮማን የሚባል ነበረው። መኪኖቹ ከዳያክሎን መጡ። ቴፕ ሆኖ ደረቱ ሲከፈት ካሴት የሚያወጣው ሳውንድዌቭና ሽጉጥ የሚሆነው ሜጋትሮን ደግሞ ከማይክሮማን ወገን ናቸው። ሀስብሮ ከሁለቱም መርጦ አንድ ስም አወጣላቸው። ከዚያ የኮሚክ አሳታሚውን ማርቭልን ታሪክ ፍጠርላቸው አለው።

ጃፓን እያሉ የዳያክሎን ሮቦቶች ነፍስ አልነበራቸውም። በሾፌር የሚነዱ ማሽኖች ነበሩ። ጣት የማትሞላ ትንሽ ሾፌር አብራ ትሸጥ ነበር። ዛሬ ኦፕቲመስ ፕራይም የምንለው፣ የጥሩዎቹ ሮቦቶች መሪ፣ ያኔ ባትል ኮንቮይ ነበር የሚባለው። አሜሪካ ሲገቡ ስምና ጠባይ ተሰጣቸው፤ ሾፌሩ ቀረ። የአንዳንዶቹን የድሮ መኪኖች በር ከከፈታችሁ ግን ወንበሩ አሁንም አለ። ማንም የማይቀመጥበት ወንበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሳገኝ ነው እኔ ደስ የሚለኝ።

እንግዲህ ፊልሙ ፈጠራቸው የሚለው አይሆንም። «ዕቃ ለመሸጥ» የሚለውን ግን እቀበላለሁ። በ1984 የጀመረው ካርቱን ማስታወቂያ ነበር፣ ለዚያውም ግማሽ ሰዓት የሚሆን። ጸሐፊው ሊጠቅሙበት ሲችሉ ያመለጣቸው ከዚህ የባሰ ማስረጃም አለ። በ1986 ለሲኒማ የተሠራው የካርቱን ፊልም ውስጥ ኦፕቲመስ ፕራይም ይሞታል። የሞተው ታሪኩ ስለጠየቀ አይደለም፤ አዳዲስ መጫወቻዎች ስለመጡና የድሮዎቹ ከመደርደሪያ መነሳት ስለነበረባቸው ነው። ስንቱ የአሜሪካ ልጅ ሲኒማ ቤት ውስጥ አለቀሰ። ኩባንያው ራሱ ደንግጦ ኋላ ላይ ከሞት አስነሳው። ከዚህ በላይ ነጋዴነት የለም። ግን ነጋዴ የሸጠው ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ነው? በዚህ ሒሳብ በረንዳችሁ ላይ የሚቀር ዕቃ የለም።

የ77ቱ ነገር ከባድ ነው። ዘልዬው ላልፍ አልችልም። ዓመቱ ልክ ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ካሉትም በላይ ልክ ነው። ካርቱኑ መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 1984 ነው፤ በኛ መስከረም 1977 መሆኑ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እኔም ዓመቱን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይሰማኛል። አልዋሽም።

ግን በዚያው መስከረም አዲስ አበባ ላይም ድግስ ነበር። ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በሰልፍ፣ በመብራትና በሐውልት እያከበረ ነበር። ወሎና ትግራይ ሰው ይረግፋል፤ ስለ ረሃቡ ጮክ ብሎ ማውራት ደግሞ የበዓሉን ድምቀት ማበላሸት ነበር። የዚያን መስከረም ሒሳብ እናወራርድ ካልን አሜሪካ ለልደቱ መጫወቻ የተገዛለት ልጅ ጋ ከመድረሳችን በፊት የምናንኳኳው በር ብዙ ነው። ደግሞስ በዚያው ዓመት የተሠራ ቶዮታ ዛሬም የጅማን ጭቃ እየቀዘፈ ይሄዳል። ሹፌሩን «አታፍርም ወይ?» ያለው ሰው አላየሁም። ዕቃው በተሠራበት ዓመት ማን ተራበ ብለን ከጀመርን፣ ያለፈውን ሳይሆን የዛሬውን ዓመት መቁጠር ይቀድማል።

«የልጅ ነገር ነው» ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጠቡ በሙሉ ያለው እዚህ ነውና።

ጸሐፊው «እኛም ልጅ ሆነን የሽቦ መኪና ሠርተን ነድተናል፣ ስናድግ ተውነው» ይላሉ። ተውነው? እስቲ ጅማ ውስጥ ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ይሂዱና ከመኪና ሥር የተኛውን ሰውዬ ይጠይቁት። በልጅነቱ ሽቦ ሲያጣምም፣ ቆርኪ ሲበሳና ጎማ ሲያደርግ ያደገ ነው። አልተወውም። መኪናው ነው የተለቀው። ስለሱ «አላደገም» የሚል የለም፤ ስለሚከፈለው ይሆን?

እኔ ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው። ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ ይዤ የማያቸው ነገሮች ለመከፈት የተሠሩ አይደሉም። ፋብሪካው ሙጫ ይለቀልቅበታል፤ እኔ አሙቄ እገነጥለዋለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ሮቦት ሳነሳ ተቃራኒው ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እጄ የት እንደሚይዝ፣ የቱ ቀድሞ መታጠፍ እንዳለበት አስቦልኛል። እነዚያን ቀደምት መኪኖች ከነደፉት መካከል ሾጂ ካዋሞሪ የሚባል ጃፓናዊ አለ። ከተዋጊ አውሮፕላን ወደ ሮቦት የሚቀየረውን ቫልኪሪም የነደፈው እሱ ነው። የሚያስበው በወረቀት ብቻ አይደለም፣ በሌጎም እየገጣጠመ ይሞክራል። ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው። የልጅ መጫወቻ ውስጥ ስለተደበቀ ምህንድስናነቱ አይቀርም።

የ1984ቱን ኦፕቲመስ ፕራይም ውሰዱ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ነው፤ ቀይ ጋቢና፣ ከኋላው ግራጫ ተሳቢ። ተሳቢውን ፈታችሁ ወደ ጎን ታደርጉታላችሁ። የጋቢናውን የኋላ ክፍል ወደ ታች ስትዘረጉት እግር ይሆናል። የኋላ ጎማዎቹ የትም አይሄዱም፤ እዚያው እግሩ ላይ ናቸው። ከጋቢናው ግራና ቀኝ ያሉት ጎኖች ወጣ ይሉና ዞረው ክንድ ይሆናሉ። ጣሪያው ሲገለበጥ ከሥሩ ራስ ብቅ ይላል። አሁን ስታዩት የሾፌሩ መስታወት ደረቱ ሆኗል። የራዲያተሩ ፍርግርግ ሆዱ ነው። ምንም አልተጨመረም። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ብረት፣ ሌላ ነገር ሆኗል።

የጅማን በርጩማ የሚያውቅ ይህ ይገባዋል። ጠራቢው አንድ ግንድ ይዞ ይጀምርና ሦስት እግርና መቀመጫ ያወጣለታል። ሚስማር የለ፣ ሙጫ የለ። ክብሩ ከውጭ ምንም አለመጨመሩ ላይ ነው። የጥሩ ትራንስፎርመርም ክብር እሱ ነው፤ ሁለቱም መልኩ ከዚያው ከአንዱ አካል መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ግን ታላቁ ኦፕቲመስ ራሱ ያጭበረብራል። ጡጫዎቹ ለብቻ ናቸው። መኪና ሲሆን ትነቅሉና የሆነ ቦታ ታስቀምጣላችሁ፤ ሮቦት ሲሆን መልሳችሁ ትሰካላችሁ። «የሆነ ቦታ» የሚለውን ያዙልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። አምራቾቹ ራሳቸው አዋቂ ደንበኛ እንዳላቸው ካወቁ ቆይተዋል። ታካራ በ2003 ማስተርፒስ የሚለውን ተከታታይ ሲጀምር ያሰበው ያደጉትን ልጆች ነው። የእነዚህ አቀያየር ረጅም ነው፤ አንዳንዱን አዋቂ ሰው ራሱ መመሪያውን ገልጦ፣ ምላሱን ነክሶ ነው የሚጨርሰው። ሕፃን ቢሰጠው የሚቀየረው ሮቦቱ ሳይሆን ልጁ ነው፤ ወደ ለቅሶ።

ባህላችን አይደለም የተባለው ብዙ አያቆየንም። ጆተኒም ከዚህ አልበቀለም። ቢሊያርድም እንዲሁ። ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር ባላት ከተማ ይህ ክርክር አያዋጣም። ዕቃ ሰብስቦ ማቆየት ራሱ ባዕድ ነው ከተባለ ደግሞ ጅማ ሙዚየም ገብቶ የዳግማዊ አባ ጅፋርን መገልገያዎች ማየት ነው። ያ ሁሉ ዕቃ ዛሬ የሚጎበኘው አንድ ሰው በጊዜው «አይጣል» ስላለ ነው።

ስለ ገንዘቡ ግን ጸሐፊው አብዛኛውን ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ መካከለኛ መጠን ያለው አዲስ ሮቦት ዛሬ ከ20 ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። መላኪያና ቀረጥ ሲጨመርበት አንዱ ሮቦት የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ይነካል። ደሞዙን አጉድሎ ይህን የሚገዛ ሰው ካለ ጸሐፊው ይምከሩት፤ እኔም አብሬ እመክራለሁ።

የረሱት ነገር ግን ጅማ ውስጥ ማንም እንደዚያ አይሰበስብም። አዲስ በካርቶኑ የገዛ ካለ ውጭ አገር ወንድም ያለው ነው። ሌላው የሚያገኘው ከሰልባጅ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ የመጫወቻ ክምር ነው። ክንዱ የለ፣ ስቲከሩ ተልጦ፣ በእስክሪብቶ የልጅ ስም ተጽፎበት። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም፤ አንዳንዴ ሻጩ ምን እንደሆነ ስለማያውቀው «ይቺን ጉድ ውሰዳት» ብሎ ይመርቅልሃል። መርካቶ ውስጥ ክምር ሥር እጅ ሰዶ ቀይ ጋቢና መንካት ምን ስሜት እንዳለው ጸሐፊው ቢያውቁት ጽሑፉ ግማሽ ይሆን ነበር። ደግሞ ማታ ማታ ቤቲንግ ቤት ስለሚቀልጠው ብር ያለን ዝምታ ይገርመኛል። ያኛው ሲበላ ቢያንስ መደርደሪያ ላይ የሚቀር የለም፤ ለዚያ ይሆናል የማይታየው።

ከኛ ወገን የሚሰማ አንድ መከራከሪያ አለ፤ እሱን እኔም አልወደውም። «ኢንቨስትመንት ነው፣ ዋጋው ይጨምራል» የሚለው። ተዉት። ጥቂቶቹ ጨምረዋል። አብዛኞቹ የተገዙበትን አያወጡም። ደስ ስለሚለን ነው የምንሰበስበው፤ ለዚህ የነጋዴ ልብስ ማልበስ አያስፈልግም።

የካርቶኑ ወቀሳ ደግሞ አለ። አዎ፣ እንዲህ ያሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ በብዛት ግን ሌላ አገር ናቸው። ሳይከፍቱ ያስቀምጣሉ። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ሊቀየር የተሠራን ነገር ሳይቀየር ማስቀመጥ ለእኔም አይገባኝም። ተፈጥሮም ትቀጣቸዋለች። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ ብልጭታ የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ይሠሩ ነበር። ሲታይ ያምራል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ፕላስቲኩ ከውስጥ ይደርቅና በትንሽ ግፊት ይፈረካከሳል። ካርቶን ውስጥ ታሽጎ የኖረውም አይድንም። ሰውዬው ለሠላሳ ዓመት ጠብቆ፣ አንድ ቀን ልየው ብሎ ከፍቶ፣ ክንዱን ሲያነሳ ክንዱ እጁ ላይ ይቀራል። እኔ ይህን ሳነብ የተሰማኝ ሐዘን ነው፣ ትንሽ ደግሞ ደስታ።

ነጩ ፕላስቲክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። መስኮት አጠገብ ካስቀመጥከው በአንድ ጎኑ ብቻ ይበልዛል። መፍትሔው ፀጉር ቤቶች ቀለም የሚያቀላቅሉበት ፐርኦክሳይድ ነው፤ ቀብተህ ብርሃን ላይ ታቆየዋለህ፣ ይነጣል። ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሊበልዝ ይችላል። ወደ ፀጉር ቤት ገብቶ «ለሮቦት ነው» ማለት ደግሞ የራሱ ጀግንነት ይጠይቃል።

የጅማ አየርም አለ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ካርቶኑ ይሻግታል፣ ስቲከሩ ጠርዙ ይነሳል፣ ብሎኑ ይዝጋል። ሞላው ከዛገ አንዳንዶቹ የሚተኩሷት ትንሽ የፕላስቲክ ሚሳይል አትወጣም። ስለዚህ እኛ ጋ አሽጎ ማስቀመጥ ቢፈለግም አይሆንም። ማውጣት፣ መጥረግ፣ ማገላበጥ የግድ ነው። ልጆችን መከልከል ስለሚባለው ደግሞ የኔን ቤት ስለማያውቁት ነው። የጎረቤት ልጆች ከኔ በፊት ያውቁታል የቱ ጉልበት እንደላላ። የላላውን ኳስ መገጣጠሚያ ጥፍር ቀለም ቀብቼ አደርቀዋለሁ፤ ይጠብቃል። የባለቤቴ ጥፍር ቀለም ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። እሷ ይህን የምታነብ ከሆነ አሁን ገባት።

ጦርነት ያስተምራል? በዚህ አንድ ነጥብ እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ሜጋትሮን ዋልተር ፒ 38 የሚባል የጀርመን ሽጉጥ ነበር የሚሆነው፤ ለዚያውም ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል። ያን ለልጅ አልሰጥም። አምራቾቹም በ1993 ታንክ አድርገው አመጡት። ሚሳይል የሚተኩሱትንም ሀስብሮ ሞላቸውን አድክሞ ነው አሜሪካ የሸጣቸው፣ ዓይን እንዳያጠፉ። የቀረው ክርክር ለሌባና ፖሊስ ጨዋታም ይሠራል። ያን ተጫውተን ያደግን ሁሉ ሌባ አልሆንንም፤ ፖሊስም አልሆንንም።

አሁን ጸሐፊው ያልጻፉትን ልጻፍላቸው። ይህን ነገር መውቀስ የሚፈልግ ሰው መጀመር ያለበት ከፎርጅዱ ነው።

እኛ ጋ የሚደርሰው አብዛኛው ኮፒ ነው። ከኮፒዎቹ አንዱ ዓይነት ደግሞ ኦርጅናሉን ለጥጦ፣ አተልቆ የሚሠራው ነው። ስታየው ታላቅ ነው፣ ያስጎመጃል። ነገር ግን ትንሹ ላይ ልክ የነበረው ክፍተት ሲተልቅ ልክ አይሆንም። አንዱ መሰኪያ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። አንድ የኢንተርኔት ሻጭ «ኦርጅናል» ብሎ የሸጠልኝን የጭነት መኪና ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እግሩን ልዘረጋ ስጀምር ጉልበቱ አልሄድ አለ። ብሎኑ በዝቶ ጠብቆ ይሆናል ብዬ በካቻቢቴ ላላ አደረግሁት። ቀስ ብዬ ገፋሁት። ቀዩ ፕላስቲክ ላይ፣ ማጠፊያው ሥር፣ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ታየች። ይህን አመል ያለበት ሰው ያቺን መስመር ያውቃታል። ፕላስቲኩ ገና አልተሰበረም፤ እሰበራለሁ ብሎ ማስጠንቀቁ ነው። ከዚያ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ የለም። ግማሹ መኪና፣ ግማሹ ሮቦት ሆኖ ለሳምንታት ጠረጴዛው ላይ ቆመ። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምንድነው?» ይላል። ምን ብዬ ልመልስ?

መመሪያው ሌላው በሽታ ነው። የኦርጅናሉ መመሪያ ብዙ ቃል የለውም፤ በአብዛኛው ሥዕልና ቀስት ነው። የኮፒው ደግሞ ያው ሥዕል ታንሶ፣ ጠቁሮ፣ ተደፍኖ የታተመ ነው። ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይለይም። እንዲህ ሲሆን አንዱን በጉልበት ትሞክራለህ፤ ያቺ ነጭ መስመር ትመጣለች። ደግሞ ጉዳት ሲደርስ መለዋወጫ የለም። የስልክ ስክሪን ጅማ ውስጥ በየሱቁ ይገኛል። የሮቦት ክርን ግን የትም የለም። ከሞተው አውጥተህ ለዳነው ትሰጣለህ፤ እንደዚያ ነው የምንኖረው።

ያም ሆኖ ለፎርጅዱ አንድ ቸር ቃል አለኝ። ጃፓን ከዓመታት በፊት ማምረት ያቆመችውን፣ ኦርጅናሉ በሺህ የሚቆጠር ብር የሚጠየቅበትን ዕቃ፣ የጅማ ተማሪ በኪስ ገንዘቡ እንዲነካው ያደረገው ኮፒው ነው። አንዳንዱም ከኦርጅናሉ የተሻለ ቀለም ይቀባል። የሰው ሥራ መስረቅ መሆኑ አይጠፋኝም፤ በዚህ ላይ ራሴንም ንጹሕ ነው አልልም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢመጡ ኖሮ የምመልሰው አጥቼ ዝም እል ነበር።

ቀረን ምክራቸው፤ «ሽጡና ቁምነገር ግዙበት»። ሐሳቡን በቁምነገር ወስጄ አስቤበታለሁ። ለማን ነው የምንሸጠው? የምናውቃቸው ገዢዎች እርስ በርሳችን ነን። እኔ ለሱ እሸጣለሁ፣ እሱ ለዚያኛው፣ ያኛው መልሶ ለእኔ። ብሩ ከፈረንጅ አራዳ ወደ አጂፕ ሄዶ ይመለሳል። ቁምነገር የሚገዛበት ክፍል ላይ ሳንደርስ ሮቦቱ ቤቱ ይገባል።

ለመሸጥ ዝግጁ የሆንኩበት አንድ አለ። ከሰልባጅ ክምር ያወጣሁት ኦፕቲመስ ፕራይም ነው። ተሳቢው የለም፤ እሱን ማንም አይጠብቅም። ጋቢናው ግን ደህና ነው፣ መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ ራሱ ሲነሳ ቀጥ ይላል። ጉድለቱ የግራ እጁ ነው። ቀደም ሲል «የሆነ ቦታ» ያዙልኝ ያልኩት ይኸው ነው። የድሮ ባለቤቱ፣ አሜሪካ ይሁን ጀርመን ያለ ልጅ፣ ነቅሎ የሆነ ቦታ አስቀምጧታል። ጸሐፊው ገዢ ካላቸው ይላኩልኝ፣ ዋጋ ላይ አንጣላም። ገዢው ግን እጁ የት ሄደ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድሜ እኔ ልጠይቅ። ቤታችሁ ውስጥ፣ ወይ የዘመድ ልጅ መጫወቻ ዘንቢል ሥር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ጠመንጃ የምትይዝበት ቀዳዳ ያላት ሰማያዊ ጡጫ ካያችሁ አትጣሏት። እገዛታለሁ። ግራ መሆኗን ብቻ አረጋግጡልኝ፤ ቀኝ አለኝ።